ገንዘቡ ልጁን ከተከተለ ግዴታው ከማን ጋር ይቀራል?

ኦቲዝም ያለበት የ9 ዓመት ልጅ ያላቸው አንዲት እናት የሚከተለውን ጠይቀዋል፦ «ወላጅ ትምህርት ቤት የመምረጥ መብት ካገኘና መንግሥት ለልጁ የመደበው ገንዘብ ወላጁ ወደመረጠው ትምህርት ቤት ከሄደ፣ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ለማግኘት ሲፎካከሩ እየተሻሻሉ ይሄዳሉ ሲባል እሰማለሁ። ይህ እንደ ልጄ ላሉ ልጆችም ይሠራል ወይስ እነሱን ወደ ዳር ይገፋል?»

ጥያቄው ቀጥተኛ ነውና መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ለወላጅ የመምረጥ ዕድል መስጠት በራሱ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን አይጎዳም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን በእጅጉ የጠቀመበት ጊዜ አለ። ጉዳቱ የሚመጣው ምርጫው እየሰፋ ሲሄድ «ይህን ልጅ አልቀበልም» ማለት የማይችለው አካል ሲጠፋ ነው። ይህ አካል ማን እንደሚሆን ማሻሻያው ገና ሲነደፍ የተጠየቀበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የተነሣው ልጆች ከተጎዱና ወላጆች ፍርድ ቤት ከቆሙ በኋላ ነው።

ስለምን እንደምንነጋገር አስቀድመን እንግባባ። በገበያ መርሕ የሚመራ የትምህርት ማሻሻያ ሲባል በአብዛኛው ሦስት ነገሮች አብረው ይመጣሉ፤ ወላጅ ይመርጣል፣ ገንዘቡ ተማሪውን ይከተላል፣ የትምህርት ቤቶች ውጤት በፈተና ተለክቶ ለሕዝብ ይገለጻል። ሐሳቡን በዘመናዊ መልኩ ያቀረበው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1955 ነበር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ቺሊ በ1981 በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አዋለችው፤ እንግሊዝ በ1988 ባወጣችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ፣ ስዊድን ደግሞ በ1992 ተከተሉ። በአሜሪካ የሚልዋኪ ከተማ የቫውቸር ፕሮግራም በ1990 ተጀመረ፤ ሚኒሶታም በ1991 የመጀመሪያውን የቻርተር ትምህርት ቤት ሕግ አጸደቀች። ቫውቸር መንግሥት ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚውል ገንዘብ ለወላጅ የሚመድብበት መንገድ ነው፤ ቻርተር ትምህርት ቤት ግን የመንግሥት ገንዘብ እየተቀበለ በራሱ ቦርድ የሚመራ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱን አጥብቆ መለየት ያስፈልጋል፤ በአካል ጉዳተኛ ልጅ መብት ላይ የሚያስከትሉት ውጤት ፈጽሞ አንድ አይደለምና።

የችግሩ ሥር ያለው በወጪው ላይ ነው። በአሜሪካ በ1999 እና 2000 የትምህርት ዘመን በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተመሠረተ ሰፊ ብሔራዊ ጥናት፣ ልዩ ፍላጎት ላለው አንድ ተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላው ተማሪ ከሚወጣው በአማካይ 1.9 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። አማካዩ ግን ብዙ ይሸፍናል፤ የንባብና የስሌት ዓይነት የመማር ችግር ላለበት ልጅ ወጪው 1.6 እጥፍ ሲሆን፣ ተደራራቢ ጉዳት ላለበት ልጅ 3.1 እጥፍ ይደርሳል። አሁን አንድ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ 100 ይከፈለዋል፣ አብዛኞቹንም በ90 ማስተማር ይችላል እንበል። መስማት የተሳነው ልጅ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውል የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስለሚያስፈልግ ወጪው 300 ቢደርስ፣ መንግሥት የሚጨምረው ድጎማ ደግሞ 80 ብቻ ቢሆን፣ የጎደለው 120 የሚሸፈነው ከ12 ሌሎች ልጆች ላይ በተረፈው ገንዘብ ነው። ይህን ሒሳብ የሚሠራው ርእሰ መምህር ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ከመደበኛው የመንግሥት መዋቅር ጋር ያለው ልዩነት፣ በመደበኛው መዋቅር ጉድለቱን የሚሸከመው የወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲሆን በገበያው ግን አንዱ ትምህርት ቤት ብቻውን መሸከሙ ነው። ውድድር ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ሌላውን የሚበልጥበት ሁለት መንገድ ይኖረዋል፤ አንደኛው አሻሽሎ ማስተማር ነው፣ ሁለተኛው ለማስተማር የሚቀሉ ልጆችን ማግኘት ነው። ሁለተኛው መንገድ ከአንደኛው በብዙ ይቀላል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁ። ወላጆችን በማማክርበት ሥራዬ አንዲትን እናት ተከትዬ ለምዝገባ ውይይት ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ርእሰ መምህሩ በትሕትና ተቀበሉን፤ ክፍሎቹን አስጎበኙን፤ ከዚያም ተቀምጠው የልጁን ፋይል ገጽ በገጽ ማየት ጀመሩ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ግምገማ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ፋይሉን ቀስ ብለው ዘጉና እጃቸውን በላዩ ላይ አሳረፉ። «ልጅዎ ደስ የሚል ልጅ ነው፤ እኛ ግን የሚገባውን ያህል ልናደርግለት አንችልም ብዬ እሰጋለሁ። ወዲያ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ጥሩ ልዩ ክፍል አለው» አሏት። እናቲቱም አመስግና ወጣች። በዚያ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ይህ ልጅ ተቀባይነት ያጣ ልጅ አይደለም፤ ማመልከቻ አልገባለትምና። አልተከለከለም፣ ይግባኝ የሚባልበት ውሳኔም የለም። ጥናት የሚያደርግ ሰው ቢመጣ የሚያየው አካል ጉዳተኛ ልጆች የማያመለክቱበት ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ መረጃ አለ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2009 እና 2010 የትምህርት ዘመን ከቻርተር ትምህርት ቤት ተማሪዎች መካከል አካል ጉዳተኞቹ 8 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በመደበኛዎቹ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግን 11 ከመቶ ገደማ ነበሩ። በ2018 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ በሩን ራሱን ፈተነው። ተመራማሪዎቹ በወላጅ ስም ከ6,400 ለሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ስለ ምዝገባ የሚጠይቅ ኢሜይል ላኩ፤ በአንዳንዱ መልእክት ላይ ልጁ ከሌሎች ተለይቶ በልዩ ክፍል መማር እንደሚያስፈልገው ጠቀሱ። መደበኛዎቹ ትምህርት ቤቶች ለእነዚህ ወላጆችም ለሌሎቹ የሰጡትን ያህል መልስ ሰጡ። የቻርተር ትምህርት ቤቶች መልስ ግን በ7 መቶኛ ነጥብ ቀነሰ። እዚህ ላይ ማንም ማንንም «አይቻልም» አላለም፤ ለኢሜይሉ መልስ አልመጣም፣ ያ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ልጆችን እየለቀሙ ያባርራሉ ብሎ መደምደም ግን ልክ አይደለም፤ መረጃውን በሐቀኝነት ማየት ግድ ይለናል። በኒውዮርክና በዴንቨር የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ልዩነቱ በአመዛኙ የሚፈጠረው ገና ከመዋዕለ ሕፃናት ማመልከቻ ጀምሮ ነው፤ በተለይ ኦቲዝም ወይም የንግግር ችግር ያለባቸው ልጆች ወላጆች ከመነሻው የሚያመለክቱት ጥቂት ናቸው። ከዚያም በኋላ ቻርተር ትምህርት ቤቶቹ ቀለል ያለ የመማር ችግር የሚታይበትን ልጅ «ልዩ ፍላጎት ያለው» ብለው የመመዝገብ ልማዳቸው ዝቅተኛ ነው። በቦስተን ዕጣ ደርሷቸው የገቡትንና ዕጣ ሳይደርሳቸው የቀሩትን ያነጻጸረ ጥናት ደግሞ፣ የከተማዋ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከልዩ ፍላጎት መዝገብ ቶሎ ቢያስወጡም የእነዚያው ልጆች የፈተና ውጤት ግልጽ መሻሻል ማሳየቱን አረጋግጧል። ይህን ውጤት በቁም ነገር እወስደዋለሁ። መጠነኛ ችግር ያለበት፣ በደንብ የተዋቀረ ክፍልና ትጉህ መምህር ካገኘ የሚራመድ ልጅ በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሊያብብ ይችላል። ስጋቴ ያለው ከዚያ ወዲያ ባሉት፣ ቀኑን ሙሉ ድጋፍ በሚሹት ልጆች ላይ ነው፤ የእነዚያ ልጆች ነገር በአማካይ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

«እንግዲያውስ ለእነዚህ ልጆች የሚከፈለውን ገንዘብ ከፍ ማድረግ ነው» የሚል ሐሳብ ይነሣል፤ ሐሳቡም ትክክል ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። በፔንሲልቬንያ ግዛት ቻርተር ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት ላለው ተማሪ የሚቀበለው ክፍያ የችግሩን ክብደት አይለይም፤ በሳምንት ጥቂት ደቂቃ የንግግር ልምምድ ብቻ ለሚያስፈልገው ልጅና ለመብላትም ለመንቀሳቀስም ረዳት ለሚያሻው ልጅ የሚላከው ገንዘብ አንድ ነው። ግዛቱ በ2014 ለወረዳዎች የሚያደርገውን አዲስ የልዩ ፍላጎት ድጎማ በ3 የወጪ እርከን ሲከፋፍል እንኳ የቻርተሮቹ ክፍያ እንደነበረ ቀረ። የተከተለውም የሚጠበቅ ነው፤ ቀለል ያለ ችግር ያለባቸው ልጆች ወደ ቻርተሮቹ ሲያዘነብሉ፣ ከባድ ድጋፍ የሚሹት በወረዳዎቹ ላይ ቀሩ።

ቺሊ ደግሞ የዚህን ሌላ ገጽ ታሳያለች። በዚያ አገር የንግግርና የቋንቋ ችግር አለባቸው ለተባሉ ሕፃናት የተለየ ድጎማ ስለነበረ፣ እነዚህን ሕፃናት ብቻ የሚቀበሉ የግል ትምህርት ቤቶች በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ በፍጥነት ተበራከቱ። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው፣ የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ ብዙ ወጪ የለውም፣ ክፍያው ግን ጥሩ ነው። ተደራራቢ ጉዳት ላለባቸው ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት ለመክፈት የተሽቀዳደመ ግን አልነበረም። መንግሥት ከ2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ድንጋጌ ቁጥር 170 አማካይነት ድጎማው የሚገኘው በባለሙያ በተረጋገጠ ምርመራ እንዲሆን አደረገ፤ ድጎማው በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በአንድ ክፍል እስከ 5 ጊዜያዊና 2 ቋሚ ችግር ያለባቸውን ልጆች እንዲሸፍንም ወሰነ። ይህም ለአካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ለሚማሩበት አሠራር፣ በር ከፈተ፤ በዚያው ልክ ግን ትምህርት ቤቶች ባጀታቸውን ለመሙላት ልጆችን በምርመራ ስም መመዝገባቸው ሌላ ክርክር አስነሣ። በ2015 የወጣው የአካቶ ሕግ ድጎማ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪ እንዳይመርጡ ከልክሏል። ልብ ይበሉ፤ ገበያውን በአገር አቀፍ ደረጃ ቀድማ የከፈተችው አገር ከ34 ዓመት በኋላ የደረሰችበት ቁልፍ ማስተካከያ ትምህርት ቤቱ የመምረጥ ሥልጣን እንዳይኖረው ማድረግ ነበር።

የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊየንስ ከተማ በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚሠራ ሰው ሁሉ ትልቅ ትምህርት ናት። በነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ከተማዋን ካወደመ በኋላ የሉዊዚያና ግዛት አብዛኞቹን ትምህርት ቤቶች በራሱ ሥር አደረገ፤ ከዚያም በሂደት ወደ ቻርተርነት ተለወጡ። ወላጅ ከከተማዋ ዳር እስከ ዳር መምረጥ ቻለ። ነገር ግን አብዛኛው ትምህርት ቤት በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ወረዳ ሆኖ ተቆጠረ፤ ስለዚህ ቀድሞ በአንድ ጽሕፈት ቤት ላይ የነበረው ግዴታ በብዙ ቦታ ተበተነ። በጥቅምት 2010 ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የተባለው ድርጅት በወላጆች ስም የግዛቱን ትምህርት መሥሪያ ቤት ከሰሰ። አቤቱታው ልጆች በምዝገባ ጊዜ እንደሚመለሱ፣ ችግር ያለባቸውን ልጆች ፈልጎ የሚለይ አካል እንደሌለ፣ የገቡትም የሚገባቸውን አገልግሎት ሳያገኙ በዲሲፕሊን ስም እንደሚወገዱ የሚገልጽ ነበር። አንድ ወላጅ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ደጅ ሲጠና ሁሉም ጎረቤቱን ይጠቁመዋል፤ «የመጨረሻው ተጠያቂ እኔ ነኝ» የሚል ግን አያገኝም። ጉዳዩ በ2015 በስምምነት አልቆ ትምህርት ቤቶቹን የሚከታተል ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ተሾመ።

ከተማዋ ከዚያ ልምድ ያተረፈችው ነገር ስላለ እሱንም ማንሣት ይገባል። በ2012 ምዝገባው በአንድ ማእከል፣ በአንድ ማመልከቻ እንዲካሄድ ተደረገ፤ ስለዚህ ልጅን የሚመድበው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ሰው መሆኑ ቀረ። ክፍያውም በጉዳቱ ዓይነትና ልጁ በሚያገኘው አገልግሎት መጠን የሚለያይ ሆነ። ከባድ የባሕርይና የአእምሮ ጤና ችግር ላለባቸው ልጆችም ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጋሩት የሕክምናና የትምህርት ማእከል ተከፈተ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያስደስተኛል፤ ምክንያቱም ሰው የማያስተውለውን ችግር ይነካል። ብሬይል የሚያስተምር መምህር በየትምህርት ቤቱ መቅጠር አይቻልም። 40 ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር ወረዳ ግን 2 ወይም 3 እንዲህ ያሉ መምህራን ቀጥሮ በየዕለቱ ያዘዋውራቸዋል፤ የብሬይል ማተሚያውም አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሁሉም ያገለግላል። እነዚያው 40 ትምህርት ቤቶች ለየራሳቸው ሲቆሙ፣ እያንዳንዳቸው ስለ አንድ ዓይነ ስውር ልጅ ብለው ሙሉ ደመወዝ መክፈል አይችሉም፤ ተባብረው ለመቅጠርም ተፎካካሪዎች ናቸው። ስለዚህ መተባበሩን ሕግ ካላዘዘው በራሱ አይመጣም።

ወደ ቫውቸር ስመጣ ቃሌን ጠንከር አደርጋለሁ፤ እዚህ ላይ ወላጆች ሳያውቁ የሚፈርሙት ነገር አለና። በአሜሪካ በ1975 የወጣው ሕግ አካል ጉዳተኛ ልጅ ሁሉ ነፃና ለእሱ የሚመጥን የሕዝብ ትምህርት እንዲያገኝ ያዛል። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት 1 ሚሊዮን ልጆች ከሕዝብ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ውጭ እንደነበሩ ኮንግረሱ ራሱ መዝግቧል። ሕጉ ለልጁ የተናጠል የትምህርት ዕቅድ፣ ለወላጁ ደግሞ ገለልተኛ ችሎት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2017 በአንድ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ጉዳይ ላይ ዕቅዱ ልጁን ካለበት ሁኔታ አንጻር በተጨባጭ ሊያራምደው የሚችል መሆን እንዳለበት በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ቻርተር ትምህርት ቤት የሕዝብ ስለሆነ ይህ ሁሉ ያስገድደዋል። በቫውቸር ወደ ግል ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ግን ይህን መብቱን በአብዛኛው ትቶ ይሄዳል። ፍሎሪዳ በ1999 ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የጀመረችው ማኬይ የተባለ የነፃ ትምህርት ዕድል በዚህ መንገድ የሚሠራ ነበር፤ ብዙ ወላጆች በአዲሱ ትምህርት ቤት ረክተዋል፣ ያልረኩት ግን ችሎት የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤትም በ2017 እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን መርምሮ፣ ወላጆች ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲሄዱ የትኛው መብታቸው እንደሚለወጥ የሚነገራቸው ወጥ ባልሆነ መልኩ መሆኑን አሳይቷል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ጉዳይ አለ። በአሪዞና ግዛት፣ መንግሥት ለልጁ ትምህርት የመደበው ገንዘብ ወላጁ በሚያዝበት ሒሳብ ውስጥ የሚገባበት ፕሮግራም በ2011 ሲጀመር ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ብቻ ነበር፤ በ2022 ግን ለማንኛውም ተማሪ ተከፈተ። የሕጉ በር የተከፈተው በእነዚህ ልጆች ስም ከሆነ፣ አሠራሩ ሲሰፋ የእነሱ ጥበቃም አብሮ ሊሰፋ ይገባ ነበር። አብሮ የሰፋው የሕዝቡ ወጪ ነው።

የፈተና ውጤት ፉክክርን በተመለከተ እንግሊዝን ብቻ ልጥቀስ። ትምህርት ቤቶች በውጤት ሰንጠረዥ በሚነጻጸሩበት በዚያ አገር፣ ተማሪን በመደበኛ መንገድ ሳያባርሩ ከመዝገብ እንዲወጣ ማድረግ በትምህርት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ በኦፍስቴድ ዘንድ ትልቅ አጀንዳ ሆኗል። በ2016 እና 2017 መካከል ከ19,000 በላይ ተማሪዎች ከ10ኛው ወደ 11ኛው ዓመት፣ ማለትም ወደ ብሔራዊ ፈተናው ዓመት፣ በነበሩበት ትምህርት ቤት አልተሻገሩም፤ ከእነዚህም 30 ከመቶ ያህሉ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ነበሩ። ከጠቅላላው ተማሪ ግን ልዩ ፍላጎት ያላቸው 13 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ሁሉም ተገፍተው ወጡ ማለት አይደለም። ነገር ግን ልጁ ወደ ፈተናው ዓመት ሳይሻገር ከወጣ ውጤቱ በትምህርት ቤቱ ላይ አይቆጠርም፤ በዚህ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ልዩ ፍላጎት ላለው ተማሪ የመጀመሪያውን 6,000 ፓውንድ ተጨማሪ ወጪ ከራሱ ባጀት እንዲሸፍን ይጠበቅበታል። በጥሩ አያያዙ ስሙ የተነሣ ትምህርት ቤት ብዙ እንዲህ ያሉ ልጆች ይመጡለታል፤ በመልካም ሥራውም ባጀቱ ይጎዳል። መልካም ስም የሚያስቀጣበት ገበያ እንዴት ሊያሻሽል እንደሚችል አይገባኝም።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ዛሬ ባሉበት ቦታ እንዲህ ያለ ማሻሻያ ቢመጣ መቃወም ወይም መደገፍ ሳያስቸኩልዎ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የትኛውም ትምህርት ቤት ባይቀበለው፣ ልጄን ለማስተማር በሕግ የሚገደደው ማን ነው? መልሱ በስም የሚጠራ መሥሪያ ቤት ካልሆነ ቀሪው ዝርዝር ብዙም አይረዳዎትም። መልስ ካለው ደግሞ የልጁ ክፍያ በሚያስፈልገው ድጋፍ መጠን ይለያይ እንደሆነ፣ ምደባውን የሚያካሂደው ትምህርት ቤቱ ይሁን ማእከሉ፣ ከትምህርት ቤቱ የለቀቁ ተማሪዎች ቁጥርም ይፋ ይደረግ እንደሆነ ያጣሩ።

ወደ ትምህርት ቤት በር ሲሄዱም የቃል ውይይቱን ከማመልከቻው አያስቀድሙ። መጀመሪያ ማመልከቻውን ሞልተው ያስገቡ፤ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ይክፈቱላቸው። «ለእሱ የሚሻለው ሌላ ቦታ ነው» ከተባሉ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት በትሕትና ይጠይቁ፤ ካልሰጡዎት የተባለውን በዚያው ቀን እርስዎ ራስዎ ጽፈው በደብዳቤ ይላኩላቸው። የልጅዎን የተናጠል ዕቅድ ሙሉ ቅጂ በእጅዎ ይያዙ፤ ከሚጠቀምባቸው አገልግሎቶች ውስጥ የትኞቹ በአዲሱ ትምህርት ቤት እንደሚቀጥሉ፣ በሳምንት ለስንት ሰዓት፣ በየትኛው ባለሙያ እንደሚሰጡ ከመፈረምዎ በፊት በወረቀት ላይ ያስሰፍሩ። ያቺ ያነሣኋት እናት ይህን የምትይዝበት ወረቀት አልነበራትም፤ እኔም ያን ቀን አስቀድሜ አልነገርኳትም።